የመንገደኛ ገመና

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ የእድራችን ሴቶች ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ከገባሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም ኤርፖርት በፈረቃ ስለምሠራ በወጉ ተቀምጠን ተጫውተን አናውቅም፤ እነሱ ሲሰበሰቡ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እኔ ሳርፍ እነሱ በየሥራቸው ናቸው። «እንኳን በጤና ጨረስሽ፣ አሁንማ አገኘንሽ» ተባለ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ትንሽ እንደቆየን አንዷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዘነበች፣ እንግዲህ ወጥተሻል፤ ከእንግዲህ የሚቆጣሽ የለም። እውነቱን ንገሪን። ያ የኤርፖርቱ ማሽን ሰውን ራቁቱን ያሳያል አይደል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ለካ ሁሉም የመጡት ይህንኑ ሊሰሙ ኖሯል።

ሳቅሁ እንጂ አልተቀየምኩም። ይህን ጥያቄ ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ ተጠይቄያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠይቄያለሁ፤ ደም ግፊቴን የለካኝ ሐኪም እንኳ መሣሪያውን ከክንዴ ሳይፈታ ጠይቆኛል። «አያሳይም» እላለሁ፤ እውነትም አያሳይም። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ያቺ አንዲት ቃል ስትከነክነኝ ዋለች። ያላልኩት ብዙ ነገር ነበር። እነሆ አሁን ልበለው።

ስቀጠር ገና ሃያዎቹን አላጋመስኩም ነበር። ማስታወቂያው «ሴት ፈታሾች» ይላል፤ እኔ ሻንጣ መክፈትና መዝጋት መስሎኝ ነው የተመዘገብኩት። ደሞዙ ከቤት ኪራይ ብዙም አያልፍም፤ ቢሆንም ዩኒፎርም ለብሼ ስወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ እስክታጠፍ ድረስ ታየኝ ነበር። መጀመሪያ የተመደብኩት የአገር ውስጥ በረራ መግቢያ ላይ ነው። ያን ጊዜ የነበረን መሣሪያ ብረት ሲያልፍበት የሚጮህ በርና በእጅ የሚያዝ መፈተሻ ብቻ ነበር። የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ለሴቶች በመጋረጃ የተከለለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረችን። ሰው ለማንም የማያሳየውን ሁሉ ይዞ ወደዚያች መጋረጃ ይገባል።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ጽጌ ናቸው። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ሲራመዱ ጫማቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ የአዋላጅ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። በመጀመሪያው ቀን እጄን ተቀብለው አገላብጠው አዩና ከኪሳቸው ጥፍር መቁረጫ አውጥተው ሰጡኝ።

«ቀለበትሽን አውልቂ፣ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ከዚያ ነይ» አሉኝ።

በብርድ ጠዋት ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ሻይ አጠገባቸው ይኖራል። የሚጠጡት ሲበርድ ነው። አንድ መንገደኛ ባሳለፉ ቁጥር ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው ያዝ ያደርጉትና ቀጣይዋን ይጠራሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «አንቺስ በጠዋት በቀዘቀዘ እጅ ብብትሽን ቢነኩሽ ደስ ይልሻል?» አሉኝ።

ከመንካታቸው በፊት ይናገራሉ። «አሁን ትከሻዎን ልነካ ነው። ቀጥሎ ጎንዎን። አሁን ወገብዎን።» ቃላቸው ይቀድማል፣ እጃቸው ይከተላል። ጡት አካባቢና ከወገብ በታች በመዳፍ አይነኩም፤ በእጃቸው ጀርባ ነው። ፊት ለፊት አይገተሩም፣ ጎን ይቆማሉ፤ ሴትየዋ ዓይኗን የምታሳርፍበት ቦታ እንድታገኝ። እጃቸው ሰው ላይ እያለ ከሌላ ሰው ጋር አንዲት ቃል አይለዋወጡም፤ አለቃ ቢጠራቸው እንኳ። ሲጨርሱ ነጠላው እንደነበረ ተመልሶ መታጠፉን፣ መቀነቱ መታሰሩን አይተው ነው «መልካም መንገድ» የሚሉት። «ያስፈታነውን እኛው እናስር» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ውጭ ላለችው ባልደረባዬ «የዚችኛዋ ጡት መያዣ ነው የጮኸው፣ ሽቦ አለው» ብዬ ጮክ አልኩ። እትዬ ጽጌ መንገደኛዋ እስክትሄድ ጠበቁ። ከዚያ አጠገቤ መጥተው በሹክሹክታ «ዘነበች፣ ድምፅሽ ከሴትየዋ ጆሮ አይለፍ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ይህችን ነገር ብዙ ዓመት ያዝኳት። በኋላ እንዴት እንደጣልኳት እነግራችኋለሁ።

ለምን እንደምንፈትሽ የገባኝ ወደ ውጭ በረራ በር ከተዛወርን በኋላ ነው። አንድ ጠዋት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የመሰለች ወጣት መጣች። የሐኪም ወረቀት ይዛለች፣ ስትራመድ ወገቧን ትይዛለች። እኔ አዝኜላት ላሳልፋት ስል እትዬ ጽጌ ገቡ። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ሆድሽን ልነካ ነው» ብለው እጃቸውን አሳረፉ። ወዲያው አላነሱትም። ዓይን ዓይኗን እያዩ ቀስ ብለው «እርጉዝ ሆድ ይሞቃል፣ ልጄ» አሏት።

ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከልብሷ ሥር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ተገኘ። ፖሊስ ተጠራ። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ግን እትዬ ጽጌ ቀሚሷን ዘጉላት፣ ፊቷን በመሐረባቸው ጠረጉላት፣ የራሳቸውን ሻርፕ አውልቀው አለበሷት። እኔ ተናድጄ ነበር። ልታታልለን የመጣችን ሰው ለምን እንዲህ ይንከባከባሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጥፋቷን ፍርድ ቤት ያየዋል» አሉኝ። «ሰውነቷን ማየት ያለበት ሰው ግን የለም።»

ሻርፓቸው አልተመለሰላቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም።

እትዬ ጽጌ ጡረታ ሲወጡ የቡድን መሪነቱ ለእኔ ደረሰ። የእሳቸውን ልማድ ለአዲሶቹ ለማስተማር ሞከርኩ። ነገር ግን መንገደኛው በየዓመቱ በዛ። አንድ አውሮፕላን ሳይሞላ ሌላው ይደርሳል፣ ተራው እስከ በሩ ይሰለፋል፣ ከላይ «አፍጥኑ» ይባላል። ሻዩን ማን ያስታውሰዋል? ፍጥነት ጌታ ሆነ።

ያኔ ነው ማሽኑ የመጣው። ሰው እንደ ስልክ መደወያ ሳጥን ባለ ነገር ውስጥ ይገባል፣ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ ለጥቂት ሰከንድ ይቆማል፣ ይወጣል። ለሥልጠና የመጣው የውጭ አገር ሰው ገና ንግግሩን ሳይጨርስ እኛው ፈታሾቹ ነን «ራቁት ያሳያል?» ብለን የጠየቅነው። ሰውየው ሳቀና ከእናንተ አንድ ሰው ይግባ አለ። ሁሉም ወደ ኋላ አለ። እኔ ገባሁ። ስወጣ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ሕፃን ልጅ የሣለው የመሰለ የሰው ቅርጽ ነው፤ ፊት የለው፣ ጡት የለው፣ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ብብቴ ላይ አንዲት ቢጫ አራት ማዕዘን በርታለች። ለካ ከሸሚዜ ውስጥ የረሳሁት መሐረብ ኖሯል።

እኔ አየሁ፣ አመንኩ። መንገደኛው ግን ከየት ይወቀው? አንዱ «ራጅ ነው፣ ካንሰር ያመጣል» ይላል። ነፍሰ ጡሮች ሆዳቸውን አቅፈው ይሸሻሉ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆመው «እኔን ራቁቴን ያየችኝ የሞተችው ሚስቴ ናት፤ እሷም በጨለማ ነው» ብለው ሰውን ሁሉ አሳቁ፤ ወንዶቹ ባልደረቦቼ በእጅ ፈትሸው አሳለፏቸው። ዓይኗ ብቻ የሚታይ ሙስሊም እህት ከባሏ ጋር መጥታ፣ ባልየው በትሕትና «ስዕሉን የሚያየው ማን ነው? የት ይቀመጣል? ይጠፋል ወይ?» ብሎ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ስዕል እንደሌለ፣ ምልክቱም እሷ ስትወጣ እንደሚጠፋ አሳየሁት። አመስግኖኝ አለፉ። ከሰለጠነው ሰው ሁሉ ይበልጥ የገባው እሱ ይመስለኛል፤ ማሽኑን ሳይሆን ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ሰው ነበር የጠየቀው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህ አልገባኝም። አላዋቂነት ነው ብዬ ታከተኝ። ቀኑን ሙሉ «አያሳይም፣ ግቡ፣ አያሳይም፣ ግቡ» ማለት ሰለቸኝ።

ደግሞ ያላስተዋልነው ነገር ነበር። የማሽኑ ስክሪን የተተከለው ወደ ተሰላፊው ዞሮ ነው። እንደዚያ የቆመው ኬብሉ አጭር ስለነበረ ነው፤ ማንም አስቦበት አላደረገውም። የአንዱ ሰው ምልክት ሲበራ ከኋላው ያለው ሁሉ ያየዋል። ሰው ኪሱ ላይ፣ ቀበቶው ላይ ሲበራበት ይሳቃል፣ ይታለፋል። ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መጡ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ገመናቸውን አንድ ጊዜ አደባባይ አውጥቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አላወጣውም። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያልፋል። ከገጠር እንደመጡ ያስታውቃሉ፤ ነጭ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ ለመንገዱ የተገዛ ጫማ ለብሰዋል። ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ጧፍ ይዘውታል። ተራው ረጅም ነበር፤ የሦስት አውሮፕላን መንገደኛ አንድ ላይ ተደራርቧል።

ማሽኑ ውስጥ ገቡ። እጃቸውን አነሱ። ሲወጡ ስክሪኑ ላይ ቢጫው በራ፤ ከወገብ በታች፣ እግራቸው መሃል።

እኔ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ከሌላ መንገደኛ ሻንጣ ጋር እታገል ነበር። ጩኸቱ ብዙ ስለሆነ እኔም ጮክ አልኩ።

«እማማ! እግርዎ መሃል የያዙት ምንድን ነው?»

ተሰላፊው ሁሉ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ምንም የለም ልጄ» አሉ።

«ማሽኑ አለ ይላል። ወደዚህ ይምጡና ያሳዩን።»

ዞር ብለው ስክሪኑን አዩት። ቢጫውን አዩ። ከዚያ ደግሞ ተሰላፊውን አዩ። ነጠላቸውን ወደ ፊት ሰብሰብ አደረጉና ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በባዶ እግራቸው፣ በመጡበት ተመልሰው በሰልፉ መሃል ወጡ። ሰው ሁሉ ገለል እያለ አሳለፋቸው። በሩ ላይ የነበረችው ሴት ፖሊስ ተከተለቻቸው፤ ደንቡ ያዛል። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «ቀጣይ!» አልኩ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፖሊሷ ብቻዋን ተመለሰች። ጎን ካለው ክፍል አስገብታ ፈትሻቸው ነበር። አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ጨርቅ ነው ዘኒ» አለችኝ። «ሽንት አይቋጥሩም ሴትዮዋ። ጨርቅ አጥፈው ታጥቀው ነው። ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ውጭ ናቸው።»

የፈረቃ ኃላፊያችንን አቶ ግርማን አስፈቅጄ ወጣሁ።

መኪና ማቆሚያው አጥር ሥር በድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሸኛቸው የወንድማቸው ልጅ፣ ጎልማሳ ሹፌር ነው፣ ሻንጣቸው ከአውሮፕላኑ እንዲወርድ ሊጠይቅ ሄዷል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማን እንደሆንኩ አወቁ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩብኝም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ» አልኳቸው። «ይግቡ፣ እኔ ራሴ በሌላ በር አሳልፍዎታለሁ። ለዚህኛው ባንደርስ ነገ አለ።»

«ልጄ ልትወልድ ነው» አሉኝ፤ ያልኩትን እንዳልሰሙ ሆነው። «ከነባሏ ዓረብ አገር ናት። የበኩሯ ነው። እኔ እሷን ስወልድ ሦስት ቀን አምጬ ነው የተጎዳሁት። ታክሜ ነበር፣ ጨርሶ አልዳነልኝም እንጂ። ያኔ አጠገቤ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ አልጎዳም ነበር። እሷ ግን ብቻዋን አትወልድም ብዬ ተነሳሁ። ለአራሷ ቅቤ አንጥሬ፣ በሶ ቋጥሬ።»

አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ።

«ከባሌ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ልጄ እንኳ አታውቅም። ዛሬ ግን ስንት ሰው አወቀው?»

«ማንም አላወቀም እማማ። ቢጫ ምልክት ነው ያዩት።»

«ስትጠይቂኝ ሰሙ እኮ።»

ይህን ብለው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ልጄ። ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ነገ ይምጡ ብዬ ለመንኩ፣ ቤቴ ይደሩ አልኩ፣ በር ላይ እኔ እቀበልዎታለሁ አልኩ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ግን እዚያ ቤት ዳግመኛ አልገባም» አሉ። የወንድማቸው ልጅ ሻንጣውን እየጎተተ መጣ። ከውስጡ የንጥር ቅቤ ሽታ ይወጣል። ሰውየው እኔን ላለማየት መሬት መሬት ያያል። ስልኬን ጽፌ ሰጠሁት። ይደውላል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ያን ቀን ፈረቃዬ ሳያልቅ ወረቀት አወጣሁና የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ምን እንዳልኩ፣ በምን ያህል ድምፅ እንዳልኩ፣ «ቀጣይ» ማለቴን ሳይቀር። አቶ ግርማ አነበቡት። ከዚያ ደግመው አነበቡት።

«ማን ከሰሰሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ በራስሽ ላይ ለምን ትጽፊያለሽ? ጡረታሽ እኮ ሩቅ አይደለም።»

«ካልተጻፈ ስክሪኑ አይዞርም።»

ብዙ ሰው ስለ አለቆቹ ክፉ ይጽፋል፤ እኔ በዚህ ሰው ላይ ክፉ ለመጻፍ አልታደልኩም። ተነስተው አብረውኝ ወረዱ። የሰልፉ መጨረሻ ሄደው ከመንገደኞቹ ጋር ቆሙ። አንድ ሰው ገባ፣ ቢጫው በራ፤ ከዚያ ሆነው አዩት። ምንም ሳይናገሩ ኮታቸውን አወለቁና ሄደው ስክሪኑ ላይ አለበሱት። ወደ ፈታሾቹ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ ገለጥ አደረጉ። ኬብሉ ተቀይሮ ስክሪኑ እስኪዞር ድረስ ሁለት ቀን ያለ ኮት ሠሩ። እኔም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሲፈርሙበት «ይህም ይገባሻል» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ተቀብዬ ፈረምኩ።

ሰላም ግን አላገኘሁም። በእረፍት ቀኔ ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ይዤ ፉሪ፣ እትዬ ጽጌ ቤት ሄድኩ። ልጃቸው በሠራላቸው ቤት በረንዳ ላይ ጉልበታቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነበር። ሳላስቀር ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ሴትዮዋ ሲወጡ አንቺ ምን አልሽ?» ብለው ጠየቁ።

«'ቀጣይ' አልኩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«እኔም ብያለሁ» አሉ። «አንቺ ሳትመጪ በፊት ነው። አንዲት ሴት እንባዋ እየወረደ ከመጋረጃው ስትወጣ ዞሬም አላየኋት፤ ቀጣይዋን ጠራሁ። ምን ሆና እንደነበረ እስከዛሬ አላውቅም። አንቺ እንኳ አውቀሽ ይቅርታ ጠየቅሽ። ሻዩን መያዝ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እጄ እስኪሞቅ ድረስ 'ቀጣይ' የሚባል ነገር የለም።»

ለካ ያ ሁሉ ዓመት ለእጃቸው ብቻ የመሰለኝ ሻይ ለሌላም ኖሯል። እሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የወንድማቸው ልጅ ነው። ልጅቷ በሰላም ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ እዚያ ያሉ አበሾች ተሰብስበው አርሰዋታል። እናቲቱ አገር ቤት ናቸው። «አክስቴ፣ ልጄ ደህና ናት ብለህ ለፈታሿ ንገራት ብላኝ ነው» አለኝ። ሌላ ጊዜ ይሄዱ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የአውሮፕላን ነገር አታንሱብኝ ብላለች» አለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የለም። ነጭ ለባሽ እናት በሩ ላይ ብቅ ባለች ቁጥር ቀና ብዬ አይ ነበር። አልመጡም።

በቀሩኝ ዓመታት የቻልኩትን አደረግሁ። በሴቶች በኩል ማሽኑ ላይ ሴት ብቻ እንድትቆም ሆነ። ምልክት ከበራ የሚጠይቅ አፍ እንዳይኖር፣ ሴትየዋን ጎን ወዳለው ክፍል ይዞ መሄድ፣ እዚያ በሩን ዘግቶ መናገር ተለመደ። ማሽኑን የማይፈልግ ሰው በእጅ እንዲፈተሽ፣ ይህንንም በአማርኛና በኦሮምኛ በሩ ላይ እንዲያነብ ተጻፈ። አዲሶቹን ሳሠለጥን መጀመሪያ የማደርገው ነገር እነሱን ራሳቸውን ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ሌሎቹ ከሰልፉ ቦታ ቆመው እንዲያዩዋቸው ማድረግ ነበር። ይስቃሉ፤ ቆየት ብለው ሳቃቸውን ያቆማሉ።

ማሽኑንም ጠላት አላደረግሁትም። አንድ ጊዜ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ ወደ ሌላ አገር ለማለፍ የመጣች ልጅ ገጠመችኝ። በእጅ ልፈትሻት ስቀርብ መላ አካሏ ተንቀጠቀጠ፤ ገና አልነካኋትም። «እህቴ፣ እባክሽ፣ ሰው እንዳይነካኝ» አለችኝ። ምን ደርሶባት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ወደ ማሽኑ ወሰድኳት። ገባች፣ እጇን አነሳች፣ ወጣች። ምንም አልበራም። «በቃ?» አለችኝ። «በቃ» አልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ለእሷ ያ ሳጥን ከእትዬ ጽጌ እጅ እንኳ ይሻላት ነበር።

እንግዲህ ጡረታ ወጣሁ። ምስክር ወረቀት በፍሬም፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። ቤት መቀመጥ ለመድኩ ስል ጎረቤቴ አስቴር መጣች። አስቴር የጋሞ ልጅ ናት፤ ከእኔ አጥር ጋር የተያያዘ ቤት አላት፣ ጠዋት ጠዋት ስታጥብም ስትጠርግም እየዘመረች እኔን የምታነቃኝ እሷ ናት። ባለፈው ዓመት በደረሰባት ሕመም ግራ ጡቷ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ መዝሙሯ ጠፍቶ ነበር። ደረቷ ላይ እኩል እንዲመስል ስፖንጅ ሞልታ የሰፋችው ነገር ታደርጋለች። ይህን የማውቀው ልብስ ስታሰጣ አይቼ ነው እንጂ ነግራኝ አይደለም። ዛሬ የምጽፈው እሷ ራሷ ጻፊው ስላለችኝ ነው።

የእህቷ ልጅ አርባ ምንጭ ልትዳር ነው። በአውቶቡስ እንዳትሄድ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ክንዷ ያብጣል፣ ሐኪሙ ከልክሏታል። ልጆቿ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጡላት። እሷ ግን ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ ትኬቱን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ልቀር ነው ዘኒዬ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ያ ማሽን...» አለችና ደረቷን ሳትነካ በዓይኗ አሳየችኝ። «ያገኘዋል አይደል?»

ለእድሩ ሴቶች እንዳልኩት «አያሳይም» ብዬ መገላገል እችል ነበር። አላልኩም።

«ያገኘዋል» አልኳት። «ራቁትሽን አያሳይም። ግን እዚያ ጋ ቢጫ ምልክት ያበራል። ፈታሿም ትጠይቅሻለች።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እንግዲህ አለቀ።»

«አላለቀም። ተነሺ።»

ጠረጴዛውን ገፋሁት። ሳሎኑ መሃል አቆምኳት። አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ እኔ ፈታሽ ሆንኩ። ከመግባቷ በፊት ሴቷን ፈታሽ በዓይኗ ጠርታ፣ ጠጋ ብላ፣ በራሷ ድምፅ እንድትነግራት አሳየኋት። መጀመሪያ «ሕመም አለብኝ» አለች። «ምን ዓይነት?» አልኳት። «ቀዶ ጥገና ነበረኝ» አለች። «የት?» አልኳት። ተቀመጠች። ውሃ ጠጣች። ደግሞ ተነሳች። ያን ቀን ወደ መጨረሻው ቃል አልደረሰችም። በማግስቱ መጣች፤ አሁንም አልሆነም። በሦስተኛው ቀን በሬን ከፍቼ ሳላስገባት በፊት፣ ደጃፍ ላይ እንደቆመች፣ እንደ ጸሎት ዓይኗን ጨፍና አለችው። እኔም «እሺ እህቴ፣ ወደዚህ ክፍል እንሂድ» አልኳትና ተቃቅፈን ሳቅንም አለቀስንም።

የበረራዋ ቀን ልሸኛት ብዬ ነበር፤ «አይሆንም፣ አንቺ ካለሽ አንቺን እያየሁ እፈራለሁ» አለችኝ። ልጇ ወሰዳት። እኔ እቤት ቀረሁ። ልብስ አጠብኩ፣ ያጠብኩትን መልሼ አጠብኩ።

ስልኩ ሲጮህ እጄ አረፋ ነበር።

«ዘኒዬ!» አለች፤ ከኋላዋ የመንገደኛ ጫጫታ ይሰማል። «አለፍኩ!»

«እንዴት ሆነ?»

«ጠጋ አልኳት። የልጄ እኩያ ናት። ጆሮዋ ጋ 'አንድ ጡት የለኝም፣ የለበስኩት ስፖንጅ ነው' አልኳት። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት! ልጅቷ ምንም አልመሰላትም። በር ዘግታ አየችኝና 'ጨርሰናል እናቴ' አለችኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቆይ፣ አላለቀም። ስወጣ አንዲት ሴትዮ ተራ ይዛ ሻርፗን ደረቷ ላይ ጭብጥ አድርጋ ቆማለች። አወቅኋት እኮ፤ አያያዟን አወቅኩት! ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ተመለስኩና 'እህቴ፣ ከመግባትሽ በፊት ለሴቷ ንገሪያት፣ አይዞሽ' አልኳት። 'አንቺ በምን አወቅሽ?' አለችኝ። 'እኔም አንድ ነው ያለኝ' አልኳት።» ሳቋ ስልኩን ሞላው። «ከሆስፒታል አልጋ ከወረድኩ ወዲህ ለማላውቀው ሰው ስናገረው ይኸው በአንድ ቀን ሁለተኛዬ ነው!»

የእጄን አረፋ በቀሚሴ ጠረግሁ። «አስቴርዬ...» ብዬ ጀመርኩ።

«በይ ዝጊው፣ እየጠሩን ነው» አለችኝ። «ሴትዮዋም አልፋለች። ይኸው ጎኔ ተቀምጣ እያየችኝ ትስቃለች።»